በሕዝብ ቈጠራ መዝገብ ዘመድን ስለ መፈለግ

የሕዝብ ቈጠራ መዝገብ የተጻፈው ለመንግሥት ሥራ እንጂ ለልጅ ልጅ መታሰቢያ እንዲሆን አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በየ10 ዓመቱ እንዲቈጠር ያዘዘው የየክፍለ ግዛቱ እንደራሴዎች ቍጥር በዚሁ እንዲወሰን ስለ ሆነ፣ ከ1790 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) መዝገቡን ታቅፎ በየደጃፉ የቆመው ቈጣሪ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ አንድ ሰው ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የምንጅላቱን ስም በዚያ ገጽ ይፈልገዋል ብሎ አላሰበም። እኔም ለጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ሰቦች ሐረገ ትውልዳቸውን በምፈልግበት ሥራዬ፣ ለጀማሪ ሁሉ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ሰባት ቤት መቍጠር ወግ በሆነበት አገር ያደግን እኛ ከሽማግሌ አፍ የተቀበልነውን፣ እነዚህ ሰዎች ከመንግሥት ጸሐፊ እጅ መልቀም ግድ ሆኖባቸዋልና።

ጀማሪው ስም ከነቤተ ሰቡ መጠሪያ ጽፎ ይፈልጋል፤ ወይ አንዳች አያገኝም፣ ወይ ሺህ ስም ይዘረገፍበታል፣ ከዚያም በመዝገቡ የለም ብሎ ይተወዋል። ዳሩ ግን እርሱ የፈለገው በማውጫው ውስጥ ነው፤ መዝገቡን ገና አላየውም። ነጋሪው የተናገረውን ቈጣሪው እንደ ሰማው ጻፈ፣ የቈጣሪውንም ጽሕፈት ማውጫ አዘጋጁ እንደ መሰለው ገለበጠ፣ እኛ የምንደርሰው በሦስተኛው እጅ ላይ ነው። የ1940 ቈጠራ በ2012 ሲከፈት ማውጫውን ያዘጋጁት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ 72 ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ ኤፕሪል 1 ቀን 2022 የወጣውን የ1950ውን ግን የእጅ ጽሕፈቱን በመጀመሪያ ያነበበው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ሳውንዴክስ የሚባለው የቈየ ዘዴም ፊደላትን በድምፅ ወገናቸው ወደ ቍጥር እየለወጠ፣ አጻጻፋቸው የተለያየ ስሞችን እንዲሰበስብ የታሰበ ቢሆንም፣ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ስለሚተወው በኬ የተጻፈውን ካውፍማን በሲ ከተጻፈው ኮፍማን ጋር አያገናኘውም። ስለዚህ እኔ ብዙ ጊዜ የቤተ ሰቡን መጠሪያ ጨርሼ እተወዋለሁ፤ አውራጃውን፣ የትውልድ ክፍለ ግዛቱን፣ ግምታዊ ዕድሜውን፣ ከልጆቹም መካከል ስሙ ብርቅ የሆነውን የአንዱን ስም ብቻ አስገብቼ እፈልጋለሁ።

ስሙ ሲገኝ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። የገጹን ፎቶግራፍ ከፍቼ፣ ከርሱ በፊት ያለውንና ቀጥሎ ያለውን ገጽ ጭምር አነባለሁ፤ ያገባችው እኅት ወይም ባልዋ የሞተባት እናት ሁለት ሦስት ቤት አልፋ ትገኛለችና። የ1870 መዝገብ በአንድ ቤት ያሉት ሰዎች በምን እንደሚዛመዱ አይናገርም፣ ይህ የተጠየቀው ከ1880 ጀምሮ ነው፤ እንግዲህ በ1870 ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ሥር የተዘረዘሩትን ሕፃናት ሁሉ የአብራካቸው ክፋዮች ናቸው ማለት ድፍረት ነው።

ከመዛግብቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው የ1900ውን ነው። የተወለዱበትን ወርና ዓመት ይጠይቃል፤ እናቶችንም ስንት ልጅ እንደ ወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። በጠባቡ ዓምድ ውስጥ 9፣ ከአጠገቡም 5 ተጽፎ ሲገኝ፣ ያች ሴት አራት ልጆች እንደ ቀበረች እንረዳለን፤ ከበታችዋ የተዘረዘሩት ሦስት ብቻ እንደ ሆኑም ሁለቱ በሌላ ቤት እንዳሉ አውቀን ፍለጋውን እንቀጥላለን። ያረፉት ግን ከ1880 በኋላ ተወልደው ከ1900 በፊት የሞቱ ከሆነ፣ ስማቸውን ሊይዝልን ይችል የነበረው የ1890 መዝገብ ነው፤ እርሱም ጃንዩወሪ 10 ቀን 1921 በዋሽንግተን በንግድ ሚኒስቴር ሕንጻ በተነሣው እሳትና እሳቱን ለማጥፋት በፈሰሰው ውሃ ተበላሽቶ፣ ከጥቂት ቍራጭ በቀር ጠፍቷል። ቤተ ሰቡ ሐረጉን ሲጽፍ ለእነዚያ ለአራቱ ስም የሌለው ቦታ እንዲተውላቸው እመክራለሁ፤ ተወልደዋልና።

ከባርነት የወጡት በየስማቸው ከተጻፉበት ከ1870 ወደ ኋላ መንገዱ ይጠባል። በ1850 እና በ1860 ነጻ የሆነው ሁሉ በየስሙ ሲጻፍ፣ ባሮች በተለየ መዝገብ ከጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ብቻ ተመዝግበዋል። ኦሪት ዘኁልቍ የእስራኤልን ወንዶች በየአባቶቻቸው ቤት በየስማቸው ሲቈጥር፣ የ1860ው የባሮች መዝገብ 35፣ ሴት፣ ጥቁር ብሎ ያልፋል። በ1870 ዕድሜዋ 45 ከሆነች ሴት ጋር ቍጥሩ ሲገጥም፣ ቤተ ሰቡ እርስዋ ናት እንድል ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የዕድሜ መመሳሰል ግን ምስክር አይሆንም፤ በዚያው አውራጃ በዚያ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ብዙ ነበሩ፣ ነጻ ከወጡትም ብዙዎቹ የመጨረሻ ጌታቸውን መጠሪያ አልወሰዱም። ምስክሩ ከሌላ መዝገብ ይመጣል፤ ከባርነት ነጻ ለወጡት ተቋቁሞ ከ1865 እስከ 1874 የቆየው የፍሪድማንስ ባንክ ገንዘብ አስቀማጮቹን ሲመዘግብ በብዙ ገጾች የወላጆችንና የወንድም እኅቶችን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የቀድሞውን ጌታ ስም ጽፏል፤ የጌቶቹ ኑዛዜና የውርስ ዝርዝርም ብዙ ጊዜ ባሮቹን በስም ይጠራል። እነዚህ ከቈጠራው ጋር ሲስማሙ ስሙን በሐረጉ ላይ አሰፍራለሁ፤ እስከዚያው ይመስላል ከሚለው ቃል አላልፍም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለራስህ ወይም ለጎረቤትህ ይህን ሥራ ስትጀምር ፋሚሊሰርች የተባለውን የሐረገ ትውልድ መፈለጊያ ድረ ገጽ በነጻ መጠቀም ትችላለህና፣ በማውጫው የተሳሳተ ስም ያገኘህ እንደ ሆነ ፎቶግራፉን ከፊትህ አድርገህ ማረም በሚፈቀድበት ገጽ ሁሉ እርማቱን አስገባ፤ ከሌላው ቅርንጫፍ የሆነ ዘመድ ነገ በትክክለኛው ስም ፈልጎ የሚያገኘው አንተ ዛሬ ካረምኸው ነው።