አዲስ የተገዛ ግመል

ቆቦ ገበያ ላይ ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ያንበረክከዋል። እኔ እጄን ወደ ብብቱና ወደ ጭኑ ውስጥ እሰዳለሁ። እከክ የሚጀምረው ጠጉር በሳሳበት እዚያ፣ ወይም ራሱና አንገቱ ላይ ነው። ቆዳው ወፍሮ ከተሸበሸበ ማንም ያየዋል፤ የሚያስፈራኝ ገና ያልታየው ነው። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስለውንም ከመንጋው ለይታችሁ አቆዩት እላለሁ። በራያ ቆላ ከብት ሳክም ከመድኃኒቱ ይልቅ ብዙ ያከራከረኝ ይኸው ነው።

ክርክሩ ይገባኛል። ግመሉ የተገዛው ማሽላ ሊጭን ነው፤ ለብቻው እረኛ ማቆም ይከብዳል። በረት ውስጥ ተዘግቶም አይኖርም፤ ከግራር ግራር እየዞረ ካልበላ ይከሳል። ታዲያ የበላበት ግራር ላይ ይታከካል፣ ከኋላው የመጣውም በዚያው ግንድ ይታከካል። ስለዚህ መለየት አጥር ማጠር ብቻ አይደለም። የሚሰማራበት አቅጣጫ፣ ወደ ጎሊና ወንዝ የሚወርድበት ሰዓት፣ ኮርቻውና ገመዱ ሁሉ ለብቻ ይሁን። ኮርቻ መዋዋስ የጉርብትና ወግ ነውና ይህን መጠየቅ ደስ አይልም፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ።

የእከኩ መድኃኒት አይቨርሜክቲን ከቆዳ ሥር ይወጋል። አንድ በመቶ የሆነው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 400 ኪሎ ለሚመዝን ግመል 8 ይደርሳል። ተባዩን ይገድላል፤ ቆዳው ውስጥ የተጣለውን እንቁላል ግን አይነካም። እንቁላሉ በቀናት ውስጥ ስለሚፈለፈል በ14ኛው ቀን መደገም አለበት። ያኔ ማሳከኩ ጋብ ብሏል፤ ባለቤቱም «ድኗል እኮ!» ይለኛል። ለእኔ ግመል አዋቂ ማለት ሁለተኛውን መርፌ የሚያስወጋ ነው። የምትታለብ ከሆነች አስቀድሞ ይነገረኝ፤ መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ይገባል። አላቢዋን ክንዷን የሚያሳክካት ከሆነም ልወቀው፤ ይህ እከክ ሰውም ይይዛል።

ለይቶ ማቆየቱ ሱራ የሚባለውን የደም በሽታም ያጋልጣል። የያዘው ግመል በገበያ ቀን ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ትኩሳቱ መጣ ሄድ ይላል። ደም መጣጭ ዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ያጋባዋል። ተለይቶ በሚቆይባቸው ሳምንታት እየከሳ ከሄደ ደሙ ይመርመር። ለከብት ገንዲ የሚሰጠውን ዲሚናዚን ከሱቅ ገዝቶ መውጋት ግን አደገኛ ነው፤ የግመል ገላ አይችለውም፣ ሊሞትም ይችላል። ለግመል የሚሆነው ሜላርሶሚን ነው፤ እሱ እስኪገኝ ተለይቶ ይቆይ።