በእንጨት ሥራ ወርክሾፖች የሚሰጠው የጥንቃቄ ትምህርት ሲመረመር

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ለሕይወታቸውና ለጤንነታቸው አስጊ በሆነ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ሕግ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ከትምህርት ቤት በር ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 በአጠቃላይ፣ በሙያና በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሚከናወን ሥራ ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ሥልጣን ባለው አካል ጸድቀው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የሙያ ትምህርት ቤቶች የሚማሩትን ወጣቶች ለወጣት ሠራተኞች ከተከለከሉት ሥራዎች ዝርዝር ውጪ ያደርጋቸዋል። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ደግሞ በሞተር ኃይል የሚሠሩ የእንጨት ሥራ ማሽኖች በስም ተጠርተው ከ18 ዓመት በታች ላለ ሠራተኛ የተከለከሉ ሲሆኑ፣ 16 ዓመት የሞላው የሙያ ተማሪ ግን በብቁ ሰው የቅርብ ቁጥጥር ሥር፣ አልፎ አልፎና ለአጭር ጊዜ እንዲሠራባቸው ይፈቀድለታል። የሁሉም ግምት አንድ ነው፤ ሕግ ከለላውን ባነሣበት ቦታ ትምህርት ይቆማል የሚል ነው። ታዲያ በወርክሾፖች የሚሰጠው የጥንቃቄ ትምህርት ይህን አደራ ሊሸከም የሚችል መሆን አለመሆኑ መመርመር ይኖርበታል።

ትምህርቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የደንብ ዝርዝር ነው። «መነጽር አድርግ፤ ልቅ ልብስ አትልበስ፤ በማሽን አጠገብ አትቀልድ፤ ሳይፈቀድልህ አትንካ» የሚለው ቃል ለተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ይነበብለታል። ተማሪውም በቃሉ ያጠናዋል፤ በፈተና ጊዜ «አምስት የጥንቃቄ ደንቦችን ጥቀስ» ሲባል ይጽፈዋል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኝበታል። በዝርዝሩ ውስጥ ስሕተት ላይኖር ይችላል። ጉድለቱ ምክንያት የሌለው ትእዛዝ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ መምህሩ ፊቱን እስኪያዞር ብቻ ይጸናል። ከዚህም በላይ ዝርዝሩ ያላሰበው ሁኔታ ሲያጋጥም ተማሪው የሚመራበት ነገር አይኖረውም።

ይህን ለመረዳት ክብ መጋዝን መመልከት ይበቃል። በጠረጴዛ ላይ በተተከለ ክብ መጋዝ የምላጩ ጥርሶች በሠራተኛው በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በስተኋላ በኩል ግን ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላይ ይወጣሉ። የፊተኞቹ ጥርሶች እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫኑታል። የኋለኞቹ ከያዙት ግን ከጠረጴዛው አንሥተው በምላጩ አናት ላይ በማሳለፍ ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ዲያሜትሩ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር የጥርሶቹ ፍጥነት በሴኮንድ 47 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። (ይህ ስሌት የክብ ዙሪያን ለሚያስተምር የሒሳብ መምህር መልካም መልመጃ ነው፤ ነገር ግን የሒሳብ ክፍልና ወርክሾፕ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እምብዛም አይነጋገሩም።) ይህን የተረዳ ተማሪ «ከምላጩ ትይዩ አትቁም» የሚለውን ደንብ ማንም ሳይነግረው ራሱ ያወጣዋል። ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ምላጩ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ኃይል እንደሚዞር ስለሚያውቅ፣ ቁራጩን ለማንሣት እጁን አያስቸኩልም።

የኋለኞቹ ጥርሶች እንጨቱን የሚይዙት በአብዛኛው መጋዙ የከፈተው ስንጥቅ ተመልሶ ሲገጥም ነው። ለዚህም ሲባል ከምላጩ በስተኋላ አንድ ቀጭን ብረት ይቆማል። ውፍረቱ ከምላጩ ገላ ጥቂት በልጦ፣ ጥርሶቹ ከሚከፍቱት ስንጥቅ ግን ያነሰ ሲሆን፣ ሥራው ስንጥቁ እንዳይገጥም መያዝ ነው። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በጠረጴዛው ወለል ላይ በዚህ ብረትና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ8 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ለአገራችን ወርክሾፖች ይህ ቁራጭ ብረት ከሌላው አገር ይልቅ ያስፈልጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባሕር ዛፍ በዕድገቱ ጊዜ በውስጡ የሚያጠራቅመው ውጥረት ከፍተኛ በመሆኑ፣ በተለይም ሳይደርቅ ሲሰነጠቅ ይጣመማል፤ ምላጩንም ይነክሳል። ይሁንና ከማሽኑ ተፈትቶ ከዕቃ ቤት ጥግ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ይኸው ብረት ነው፤ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ደንብ በግድግዳው ላይ የለምና።

ሌላው የሚተች ነገር ዝርዝሩ ከባዕድ አገር ወርክሾፕ እንዳለ የተገለበጠ መምሰሉ ነው። «ልቅ ልብስ» ሲል ከረባትን ያስባል፤ ነጠላን፣ የሻሽን ጫፍና የአንገት ማተብን አያስብም። በቶርኖ ላይ ጎንበስ ላለ ተማሪ ግን ከሸሚዙ ውጪ የተንጠለጠለ ማተብ ከከረባት አያንስም። ማተቡ ይበጠስ የሚል የለም፤ ከሸሚዝ ሥር ገብቶ እንዲያዝ፣ የሴት ተማሪዎች መሸፈኛም ጫፉ ተሰብስቦ እንዲታሰር በግልጽ ቢነገር ይበቃል። «ጓንት አድርግ» የሚለው ደግሞ ሳይለይ ከተሰጠ ራሱ አደጋ ያመጣል። ጓንት ሻካራ ሳንቃ ለመሸከም ይጠቅማል፤ በሚዞር ምላጭ አጠገብ ግን ጥርሱ ጓንቱን ሲይዝ እጅን አብሮ ይስበዋል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ስለ መብራት መቋረጥ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ተማሪዎች ወደ ውጪ ይወጣሉ፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ይቀራል። ኃይሉ በተመለሰ ጊዜ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሣል፤ በዚያች ሰዓት እጁን በጠረጴዛው ላይ ያሳረፈ ተማሪ ቢኖር ዕድሉን መገመት አያዳግትም። ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና እንደገና ካልተጫኑት የማይነሣ ማብሪያ ከተሠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እርሱ እስኪገጠም ድረስ መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን መጫን ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምደው ተግባር መሆን ይገባዋል።

አንዳንድ መምህራን ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም ይላሉ፤ ክፍሉም ብዙ ተማሪ ይይዛል። አቤቱታቸው እውነት አለበት። ነገር ግን መምህሩ ራሱ ለአንድ ቦይ ማውጫ ሥራ የምላጩን መከለያ ፈትቶ ሳይመልሰው ሲቀር፣ ተማሪው ከግድግዳው ደንብ የላቀ ትምህርት ቀስሟል፤ ይኸውም መከለያ ለጀማሪ እንጂ ለባለሙያ አይደለም የሚል ነው። ይህን የሚያርም ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አይገኝም።

ፈተናውን መለወጥ ግን ይቻላል። ሶኬቱ በተነቀለ ማሽን ፊት ተማሪው ቆሞ ጥርሱ ወዴት እንደሚዞር፣ እንጨቱ ቢነከስ ወዴት እንደሚወረወር፣ እርሱ የት መቆም እንዳለበት በእጁ እያመለከተ ያስረዳ። የመግፊያ እንጨት መቼ እንደሚያነሣም ይጠየቅ። በብሪታንያ ልማድ ከ300 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ቁራጭና ለረጅም እንጨት የመጨረሻ 300 ሚሊ ሜትር ግፊያ በዚህ እንጨት እንጂ በእጅ አይሠራም። «300» ብሎ የመለሰ ተማሪ ግን ገና አላለፈም፤ እንጨቱ ተቆርጦ ሲያልቅ ተቃውሞው በድንገት ስለሚላላ የገፊው እጅ ወደ ፊት እንደሚዘልቅ የተናገረው አልፏል። ይህን ያልመለሰ ተማሪ በእጅ መጋዝና በመላጊያ ሥራውን ቢቀጥል የሚጎድልበት ነገር የለም፤ እንዲያውም የእንጨቱን ሥር በእጁ ያውቃል።

የብናኝ ጉዳይ በአጭሩም ቢሆን መነሣት አለበት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል። በመሆኑም በሥራ ማብቂያ ሰጋቱራውን በደረቅ መጥረጊያ እያቦነኑ መጥረግ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ለዕቅድ ሠራተኞች የሚቀረው ጉዳይ የበጀት ነው። የደነዘዘ ምላጭ በኃይል መግፋትን ይጠይቃል፤ በኃይል የሚገፋ እጅም ሲያመልጠው ወደ ምላጩ ይሄዳል። ስለዚህ የመሳያ ወጪ ከጥገና ተርፎ የሚሰጥ ሳይሆን ከጥንቃቄ ትምህርቱ ጋር አብሮ የሚመደብ ሊሆን ይገባል። በግዢም በኩል መከለያው፣ ከምላጩ ኋላ የሚቆመው ብረትና ራሱን የሚያጠፋው ማብሪያ በጨረታ ሰነዱ ላይ እንደ ትርፍ ዕቃ ሳይሆን እንደ ማሽኑ አካል ሊጠቀሱ ያስፈልጋል። እነዚህ ሳይሟሉለት የመጣ መጋዝ በርክክብ ጊዜ እንደ ጎደለ ዕቃ ተመዝግቦ ለአቅራቢው ይመለስ።