ግድግዳውና ሥዕሉ፤ ስለ ታኡል ቤተ ክርስቲያን

በሰሜን ምሥራቅ እስፓኝ፥ በካታሎኒያ ግዛት፥ በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ ታኡል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚያ የሚገኘውን የቅዱስ ቀሌምንጦስን ቤተ ክርስቲያን በ1123 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) የሮዳው ጳጳስ ራሞን ባርከውታል። ስለ ሮማንስክ ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ስሙን ደጋግመው ያነሡታል፤ የሚያደንቁት ግን ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉም ዛሬ ከዚያ የለም። «ሥዕሉ ከጥፋት ዳነ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሽ እውነት ይመስለናል።

ሕንጻው ልከኛ ነው። ውስጡ በክብ ዓምዶች በሦስት ተከፍሏል፤ ጣራው እንጨት ነው፤ ምሥራቁም በሦስት ግማሽ ክብ ክፍሎች ያልቃል። ግርማው በጎኑ በቆመው ባለ ስድስት ደርብ የደወል ግንብ ነው። ታችኛው ደርብ አንድ መስኮት ብቻ ሲኖረው፥ ወደ ላይ ሲወጣ መስኮቶቹ በቀጫጭን ዓምዶች እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ግንቡ እየረዘመ ሲሄድ እየቀለለ የሚሄድ ይመስላል። በየደርቡ ያለው የጥቃቅን ቅስቶች መሥመር ከሎምባርዲያ ግንበኞች የመጣ ልማድ ነው።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ። በአገራችን በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው አስቀድሞ በጨርቅ ላይ ሥሎ ጨርቁን ከግድግዳው ይለጥፈዋል። በታኡል ግን ቀለሙ ከኖራው ጋር አንድ ሆኖ ደርቋል፤ በዙፋኑ የተቀመጠው ክርስቶስም ከመንበሩ በላይ ከጎበጠው ግድግዳ ጋር አብሮ ጎብጧል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የውጭ ነጋዴዎች እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ከየገጠሩ ይገዙ ጀመር፤ ከሙር ቤተ ክርስቲያን የተነሣው ሥዕል በ1921 ዓ. ም. የቦስተን ሙዚየም ንብረት ሆነ። የካታሎኒያ ባለ ሥልጣኖችም ይህን አደጋ አይተው፥ ከ1919 እስከ 1923 ዓ. ም. ባለው ጊዜ የሸለቆውን ሥዕሎች አስነሥተው ወደ ባርሴሎና ወሰዱ። ሥራውም ሙጫ የተቀባ ጨርቅ በሥዕሉ ላይ ለጥፎ፥ ሲደርቅ ከነቀለሙ መግፈፍ ነበር።

በዚህ ውሳኔ አንፈርድም፤ ባይነሣ ኖሮ ምናልባት ባሕር ይሻገር ነበር። ሙዚየሙም ለሥዕሉ የጎበጠ ማቆሚያ አሠርቶለታል። ነገር ግን መንበሩንና ከምሥራቅ የሚገባውን የጧት ብርሃን ሊያሠራለት አልቻለም።

በተገፈፈው ግድግዳ ላይ በ1959 ዓ. ም. ቅጂ ተሳለ። ይህ በእኛ አስተያየት ስሕተት ነበር፤ ጎብኝው ያልነበረውን እንዳለ አድርጎ እንዲያይ ያስገድደዋልና። በ2013 ዓ. ም. ቅጂው ተነሥቶ፥ የቀድሞው ሥዕል መልክ በብርሃን ከግድግዳው ላይ እንዲታይ ተደረገ። ብርሃኑ ከቅጂው ይሻላል፤ እንግዳ መሆኑን አይደብቅምና። ሲጠፋም ገፋፊዎቹ የተዉት የጥንቱ ቀለም ቅሪት በኖራው ላይ ብቅ ይላል። ትርኢቱ አጥሮ ይህ ቅሪት ብቻውን የሚታይበት ጊዜ ቢረዝም እንመርጥ ነበር።