በቴሌቪዥን መስኮት የሚታይ ዓርማና የመማሪያ ክፍል፤ ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

ማንኛውም የቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም የዝግጅት ስቱዲዮ ሥራውን ለተመልካች ከማቅረቡ በፊት ማንነቱን የሚያሳውቅበት ምልክት አለው። ይህም ምልክት አንዳንድ ጊዜ ፊደል፣ አንዳንድ ጊዜ ሥዕል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሁለቱ ቅንብር ሆኖ ከአጭር ዜማ ጋር በመስኮቱ ላይ ይታያል። በተለምዶ ዓርማ የምንለው ይህንኑ ነው። ዓርማ የጥቂት ሴኮንዶች ነገር በመሆኑ ስለ ትምህርት የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ አልፈውት ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ወደ መማሪያ ክፍል በገባበት አገር ዓርማው እንደ ትምህርት ቤት ደወል የሚቆጠር ነው፤ ትምህርቱ መጀመሩን ለተማሪው የሚነግረው እርሱ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቴሌቪዥን ዓርማዎች በውጭ አገርና በአገራችን ያሳዩትን ለውጥ በመመርመር አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ይኸውም፣ ዓርማ የሚያገለግለው ባለቤቱን ድርጅት ነው ወይስ ተመልካቹን? የሚል ነው። በጸሐፊው እምነት የትምህርት ቴሌቪዥን ዓርማ ሊመዘን የሚገባው በጌጡ ሳይሆን፣ ለመምህሩና ለተማሪው በሚሰጠው ጊዜና ተማሪው በሚያነበው ፊደል ነው።

ዓርማን የምንመዝንበት መለኪያ

ምልክትን አይቶ ባለቤቱን መለየት ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን መካኒሳ አቦን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሠፈሩ የሚጠራው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ጻድቁ በሥዕል ሲቀርቡ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ አንበሶችና ነብሮች ከግራና ከቀኝ ከብበዋቸው ይታያሉ። ይህን ሥዕል ያየ ምእመን ፊደል ያልቆጠረ ቢሆንም እንኳ የማን ሥዕል እንደ ሆነ አይጠፋውም። ረጅሙንም ስም ሕዝቡ በራሱ አንደበት አሳጥሮ «አቦ» ብሎታል፤ የታክሲ ረዳቱም መንገደኛውን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት መለኪያዎችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ሥዕሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ መሠረታዊ መልኩን አልለቀቀም። ሁለተኛ፣ አጭሩ ስም የወጣው ከተናጋሪው ከራሱ ቋንቋ ነው። ሦስተኛ፣ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይለየዋል። ለትምህርት ቴሌቪዥን ደግሞ አራተኛ መለኪያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህም ጊዜ ነው። ክፍሉ ጸጥ እስኪል፣ ደብተር እስኪገለጥ፣ መምህሩም የትናንቱን ከዛሬው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር እስኪያያይዝ ድረስ ዓርማው ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም?

የውጭው ዓለም ልምድ

የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1953 በአብራም ጌምስ የተነደፈ ተንቀሳቃሽ ዓርማ በሥራ ላይ አዋለ። በዚያ ዘመን ለቴሌቪዥን ሥዕል የሚያገለግል ኮምፒዩተር ስላልነበረ ዓርማው በእጅ የተሠራና በካሜራ የተቀረጸ የመካኒክ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ድርጅቱ የምድርን ሉል ዓርማው አደረገ። ሉሉ በቀለም ሥርጭት ዘመን መልኩ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ በኮምፒዩተር ተሠራ። መሣሪያው ሲለወጥ ሐሳቡ አልተለወጠም፤ ተመልካቹም ሉሉን ባየ ጊዜ ጣቢያውን ለይቶ ያውቅ ነበር።

በአሜሪካ የኤን.ቢ.ሲ. ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1956 በጆን ግራሃም የተነደፈችውን ባለ 11 ላባ ጣዎስ ያወጣው ዝግጅቱ በቀለም መሆኑን ለማስታወቅ ነበር። የጣቢያው ባለቤት አር.ሲ.ኤ. የቀለም ቴሌቪዥን መሣሪያ ሻጭ ስለ ነበረ ጣዎሷ የንግድ ማስታወቂያም ነበረች። በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ድርጅቱ ጣዎሷን ትቶ በፊደል ተካት፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ወደ እርሷው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 ላባዎቿ ወደ 6 ዝቅ ቢሉም ማንም አልሳታትም። ዓርማ ሊታደስ ይችላል፤ ከተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነቅሎ ማውጣት ግን ለባለቤቱም ከባድ ነው።

ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የብሪታንያ የትምህርት ቤት ሥርጭት ነው። በዚያ አገር ለትምህርት ቤቶች የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ቢ.ቢ.ሲ. ከትምህርቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ደቂቃ ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚያመለክት ዓርማ ያሳይ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረው ዓርማ በክብ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ነበሩት፤ ነጠብጣቦቹም አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዱና የመጨረሻው ሲጠፋ ትምህርቱ ይጀመራል። መምህሩ ሰዓቱን ማየት ሳያስፈልገው ስንት ሴኮንድ እንደ ቀረው ያውቃል፤ ተማሪውም ነጠብጣቡን እየቆጠረ ራሱን ያዘጋጃል። ይህ ዓርማ ድርጅቱን ከማስተዋወቅ አልፎ ክፍሉን አገልግሏል። ሊቃውንት የተጠበቡበት ውብ ሥዕል አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሥዕል ግን ነበር።

የአገራችን ሁኔታ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በተዘጋጀ ስቱዲዮ ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ዝግጅትም ከዚያው ዐሥር ዓመት ጀምሮ ተሞክሯል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥርጭቱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሸጋገረ። በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ በአዋጅ «የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን» ተብሎ ሲቋቋም በመስኮቱ ላይ «ኢቢሲ» የሚለው ስም ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ጣቢያዎቹ አዲስ ዓርማ ይዘው «ኢቲቪ» ወደሚለው የቀድሞ መጠሪያ ተመለሱ። ኮርፖሬሽኑ እንዳለ ሆኖ የመስኮቱ ስም መመለሱ የኤን.ቢ.ሲ.ን ጣዎስ ያስታውሰናል። ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት የለመደውን ስም አዋጅ ብቻውን አላስረሳውም።

በስሙ ፊደላት ላይ ጥቂት መቆየት ያሻል። የጣቢያው አጭር ስም በጽሑፍ አንዳንዴ «ኢቴቪ»፣ አንዳንዴ «ኢቲቪ» ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ቢመስልም ሁለት የተለያዩ አስተሳሰቦችን ይዟል። «ኢቴቪ» ከአማርኛው አጻጻፍ ሊወጣ የሚችል ነው፤ ከ«ኢትዮጵያ» ኢን፣ ከ«ቴሌ» ቴን፣ ከ«ቪዥን» ቪን ወስዶ ይገጣጥማል። «ኢቲቪ» ግን የእንግሊዝኛ ፊደላትን አጠራር በእኛ ፊደል መልሶ መጻፍ ነው። «ኢቢሲ» በሚለው ስም ላይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። «ብሮድካስቲንግ» ብ እንጂ ቢ፣ «ኮርፖሬሽን» ኮ እንጂ ሲ አይሰጥም። ከአማርኛው የተነሣው አጭር ስም «ኢብኮ» ነው። የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት «ኢዜአ» መባሉም በዚሁ ትክክለኛ መንገድ የሄደ ነው።

ይህ ለሰዋስው ሊቃውንት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ፊደል በመማር ላይ ያለ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የቃላትን የመጀመሪያ ድምፅ እንዲለይ እናስተምረዋለን። ይኸው ተማሪ በየቀኑ በሚያየው ዓርማ ላይ «ሲ» ከየትኛው ቃል እንደ መጣች ቢጠይቅ መምህሩ በአማርኛ ሊያስረዳው አይችልም፤ ገና ወዳልተማረው ቋንቋ ሊወስደው ይገደዳል። ከዚህም የተነሣ ልጁ፣ የክብር ስም የሚሠራው ከሌላ ቋንቋ ነው የሚል ያልተነገረ ትምህርት ይቀስማል።

በዚያው መስኮት ላይ ግን የሚያስመሰግን የራሳችን ልምድም አለ። «አባባ ተስፋዬ» በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ከጣቢያው መከፈት ዘመን ጀምረው ከ40 ዓመታት በላይ የልጆችን ዝግጅት አቅርበዋል። ሰላምታቸው የዝግጅቱ እውነተኛ ዓርማ ነበር። ሰላምታውን ካቀረቡ በኋላ ልጆች ከየቤታቸው ሆነው ይመልሱላቸው ነበር። ሰላምታ ምላሽ የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ያለ ምላሽ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ የሰላምታ ልውውጥ ልጁ ከተመልካችነት ወደ ተሳታፊነት ይሸጋገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅትም ቀጭኔዋን ጸሐይን መለያው አድርጎ ተነሥቷል። ስሙ ከልጁ ቋንቋ የወጣ፣ የሚተረጎም ምንም የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነው። በመካኒሳ አቦ ሥዕል ካየናቸው መለኪያዎች አንጻር ሁለቱም ሚዛን ይደፋሉ።

የሳተላይት ትምህርት ያስገኘው ግንዛቤ

እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥና ከማዕከል በአንድ ጊዜ ለመላው አገር የሚተላለፍ ነበር። ርቀው ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ከከተማው እኩል ትምህርት ለማድረስ የታሰበ በመሆኑ ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን መምህሩ ሥርጭቱን ሊያቆም፣ ሊመልስ ወይም ሊያዘገይ አይችልም ነበር። መብራት ከጠፋ ያመለጠው አመለጠ። የተማሪው እንግሊዝኛ ከመስኮቱ ፍጥነት ጋር ባልተመጣጠነ ጊዜ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሆነ።

ይህ ትምህርት በተማሪውና በወላጁ ዘንድ በምን ስም እንደ ተጠራ ማስተዋል ተገቢ ነው። «ፕላዝማ» ተባለ። ሕዝቡ ትምህርቱን የጠራው ባዘጋጀው መሥሪያ ቤት ወይም በተሸከመው ዕውቀት ስም ሳይሆን በመሣሪያው ስም ነው። እንደ «አቦ» ከሕዝቡ ልብ ጋር የሚተሳሰር መለያ ባልተሰጠው ቦታ፣ ዕቃው ራሱ ዓርማ ሆኖ ተተከለ ማለት ነው። መስተዋቱ ሲሰበር ወይም መሣሪያው ሲበላሽ ከስሙ ጋር አብሮ የሚቀር መልካም ትዝታ አነስተኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ መሰጠቱ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አሳይቷል። በቤት ውስጥ ደወል የለም፤ «ደብተራችሁን አውጡ» የሚል መምህርም የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከትምህርቱ በፊት የሚታየው ምልክት የደወሉንም የመምህሩንም ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ይጠበቅበታል።

የመፍትሔ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ ከቀረበው በመነሣት ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችና ለዝግጅት ክፍሎች የሚከተሉትን ሐሳቦች ማቅረብ ይቻላል።

1. ከማንኛውም የክፍል ሥርጭት በፊት የአንድ ደቂቃ ዓርማ ይኑር። በዚህ ደቂቃ ውስጥ የትምህርቱ ዓይነት፣ የክፍሉ ደረጃ፣ የዕለቱ ርእስና የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ይጻፍ፤ የቀረው ጊዜም በነጠብጣብ ወይም በሌላ ቀላል ምልክት ይታይ። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ቢተላለፍ የሚወስደው 6 ደቂቃ ብቻ ነው። ያልተዘጋጀ ክፍል በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ የሚያባክነው ግን ከዚህ የሚያንስ አይሆንም።

2. ጽሑፉ ተማሪው በሚማርበት ፊደል ይሁን። በአማርኛና በትግርኛ በግዕዝ ፊደል፣ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች እንደየአጻጻፋቸው ይቅረብ። አጭር ስምም ከየቋንቋው ቃላት ይውጣ።

3. ዓርማው ያለ ድምፅ የሚነበብ፣ ያለ ሥዕልም የሚሰማ ይሁን። በመካኒሳ የሚገኘው የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዜማ ብቻ የሚታወቅ ምልክት አይደርሳቸውም፤ ማየት የተሳነው ተማሪም እንደዚሁ በዜማውና በንግግሩ ትምህርቱን መለየት አለበት።

4. ድርጅት ስሙን በለወጠ ቁጥር የክፍሉ ዓርማ አይለወጥ። ቢያንስ አንድ ተማሪ ከአንደኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ መሠረታዊ መልኩ ይጠበቅ። እድሳት ቢያስፈልግም እንደ ላባው ቁጥር እንጂ እንደ ጣዎሷ መሰናበት አይሁን።

5. በመስኮቱ ማዕዘን ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ዓርማ የሒሳብ ቀመርን፣ የካርታ ጫፍን ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን እጅ እንዳይሸፍን ቦታው በጥንቃቄ ይመረጥ። ሥራ ላይ ከመዋሉም በፊት በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ይፈተሽ።

ማጠቃለያ

ዓርማን ለሠዓሊና ለሥራ አስኪያጅ ብቻ የሚተው ጉዳይ አድርጎ ማየት እስካሁን ያስከተለው ጉዳት አለ። ዓርማዎች ድርጅቶችን ተከትለው ተለወጡ፤ መምህሩ በመስኮቱ ፊት ለፊት የሚያስፈልገውን አንድ ደቂቃ ግን የጠየቀለት አልነበረም። በመስኮቱ ላይ የሚወጣው አዲስ ምልክት ሁሉ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል፤ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ተማሪዎቹ እስኪዞር ድረስ ይጠብቃል ወይ? የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ተራ ቢሆን፣ ለትምህርት የተሠራ ዓርማ ነው።