ካርመን በካየሊትሻ፤ ከቆቦ ሜዳ ሲታይ

ኦፔራ፣ ማለትም ገጸ ባሕርያቱ ከመነጋገር ይልቅ በኦርኬስትራ ታጅበው የሚያዜሙበት ድራማ፣ ወደ ሌላ ሕዝብ ሲሻገር ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በተለወጠው አልባሳትና በተለወጠው ሥፍራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የዦርዥ ቢዜ «ካርመን» ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያስነሣል። ታሪኩ የአንዲት የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኛና በእርሷ ፍቅር ከውትድርና የኮበለለው የሆዜ ታሪክ ቢሆንም፣ ካርመን ስለ ፍቅር የምታዜመው በአደባባይ፣ ሕዝቡ ዜማዋን እየተቀበላት ነው፤ በሆዜ እጅ የምትገደለውም ያው ሕዝብ በኮርማ መፋለሚያው ውስጥ ለአሸናፊው የኮርማ ተፋላሚ ሲዘምር፣ ድምፁ ከቅጥሩ ውጭ እየተሰማ ነው። ስለዚህ የማንኛውም አዲስ ዝግጅት መመዘኛ ተቀባዩን ሕዝብ ከየት አገኘው የሚለው ይሆናል።

በማርክ ዶርንፎርድ ሜይ አዘጋጅነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ወርቃማ ድብ ያገኘው «ዩ ካርመን ኢካየሊትሻ» ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ሰጥቷል። ድርጊቱ ከስፔኗ ሴቪያ ተነሥቶ በኬፕታውን ዳርቻ ወዳለችው፣ በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች ወደተመሠረተችው ካየሊትሻ ይዛወራል፤ ወታደሩ ፖሊስ፣ የኮርማ ተፋላሚው ደግሞ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ የኦፔራ ዘፋኝ ሆነዋል። ካርመንን የተጫወተችው ፓውሊን ማሌፋኔ ግጥሙን ወደ ኮሳ ቋንቋ ከመለሱት አንዷ ናት። የኅብረ ዝማሬ ልማድ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ሥር በሰደደበት አገር፣ የሚያዜም ሕዝብ ከመድረክ የተዋሱት ጌጥ ሳይሆን የሰፈሩ ነዋሪ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሕዝብ ለራያ ቆቦም እንግዳ አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ፣ ከፍልሰታ ጋር ተያይዞ በሚከበረው ሶለል፣ ልጃገረዶች በከበሮ ታጅበው በየመንደሩ ሲዘፍኑ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አውጪዋ ለማሞገስም ሆነ ለመሸንቆጥ የምትደፍረው ተቀባዮቿ ቃሏን የጋራ ስለሚያደርጉላት ነው። ካርመን ዜማዋን ስታወጣ ሕዝቡ የሚቀበልበትን ትዕይንት የቆቦ ተመልካች ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል ማለት ይቻላል። ልዩነቱም በዚሁ ይገለጣል፤ ሶለል ለሴት ልጅ የአደባባይ ድምፅ የሚሰጣት በታወቁ ቀናት ሲሆን፣ ካርመን ግን ይህንኑ ዓመቱን ሙሉ የእኔ ነው ትላለች፤ የምትሞተውም ለዚህ ነው።

ከዚህ አንጻር ሊዮ ሙስካቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎረንስ ያዘጋጀውና ካርመን ገዳይዋን ቀድማ በጥይት የምትመታበት ዝግጅት፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ግድያ ለመቃወም የታሰበ ቢሆንም፣ ሥራውን ያሳንሰዋል። ፍጻሜው ሲገለበጥ ተጠያቂው ሆዜ ብቻ ይሆናል፤ ቢዜ ግን ዜማዋን ከእርሷ ጋር ሲቀበል የነበረውን ሕዝብ፣ በምትገደልበት ሰዓት ለሌላ ሰው ሲዘምር አሳይቶታል።