የኦዲቤይ ሐዘን፦ «የአማልክት ጋብቻ» ከወላይታ ሲነበብ

ናይጄሪያዊቷ ዙሉ ሶፎላ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመችው «የአማልክት ጋብቻ» ፍርዱ የተሰጠበት ተውኔት ይመስላል። ለሴቶች መብት የሚከራከሩ ሐያስያን ደራሲዋ ወግ የጣሱትን ፍቅረኞች በሞት ቀጥታ ከባህል ጎን ቆመች ይሏታል። ይህ ንባብ መጨረሻውን ብቻ ይዞ ተውኔቱን ይጥለዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦግዎማ ለታመመው ወንድሟ መታከሚያ እንዲገኝ ሲባል በጥሎሽ ላልወደደችው ለአዲግዉ ተሰጠች። ባሏ ሞቶ የሦስት ወሩ ሐዘን ሳያልቅ ከልብ ወዳጇ ከኡሎኮ ጸነሰች። በኢግቦ ወግ የሟቹ ወንድም ሊወርሳት ይገባ ነበር።

የተውኔቱ ጉልበት ያለው ግን አማቷ ኦዲቤይ ላይ ነው። ሌሎቹ ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ስምና ስለ ዘመድ ሲሟገቱ እርሷ ከሞተው ልጇ አትወጣም። ምራቴ ገደለችው ብላ ታምናለች። እርግዝናው ለኦግዎማ ነጻነት ነው፤ ለኦዲቤይ ደግሞ በልጇ መቃብር ላይ የተተፋ ምራቅ። አንድ ሆድ ሁለት ትርጉም ይዞ መድረኩ ላይ ሲመላለስ ግጭቱ ያለ ንግግር ይታያል። በእኛ አገር መድረክ ሐዘን ሲመጣ ተዋናይቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ቤት የሚመታ ሙሾ ትደረድራለች፤ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ዋሽንት ይገባል። ተመልካች ያለቅሳል፤ ሐዘኑ ግን ከዚያ ወዲያ ታሪኩን አያንቀሳቅስም። የኦዲቤይ ሐዘን ይጠረጥራል፣ ይከታተላል፣ መድኃኒት ይቀምማል።

ጉድለቱም እዚያው ነው። ኦዲቤይ ምራቷን በመድኃኒት ስባ መርዝ ታስጠጣታለች፤ ኡሎኮ ኦዲቤይን ገድሎ የተረፈውን መርዝ ራሱ ይጠጣል። ኦግዎማ ቢያንስ የወዳጇን ስንብት አግኝታለች። ስለ ለቅሶ ወግ ይህን ያህል የተጨነቀ ተውኔት ለኦዲቤይ አንድ አልቃሽ መንፈጉን ይቅር ልለው አልችልም።

ወላይታ ውስጥ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች፣ መርዶ ሲነገር ዕድር ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። አዲስ አበባ ሊስትሮ ሊሠራ የሄደ ወይም ደቡብ አፍሪካ የተሰደደ ልጅ መሞቱ በስልክ ከተሰማ፣ ሬሳው ባይመጣም ፎቶው ተይዞ ይለቀስለታል። የሟች ሚስትን መውረስም በደቡብ ኢትዮጵያ የታወቀ ልማድ ነው፤ የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነጻ ፈቃድ ላይ ቢያቆመውም የኦግዎማ ጥያቄ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም። የልጇን መርዶ በስልክ የተረዳች እናት የምታውቅ የሶዶ ከተማ ደግሞ ኦዲቤይን ክፉ ሴት ብላ አታልፋትም።

የወላይትኛ ተርጓሚዎች ይህን ተውኔት ያንሡት፤ በሶዶ ጉታራ አዳራሽም ይታይ። አዘጋጁ ሰዓት ቢያጥረው ከኡሎኮ ንግግር ይቀንስ፤ ከኦዲቤይ ለቅሶ ግን አንድ ቃል እንዳይነካ።