ከፋኖሱ ሥር



ባለፈው እሑድ በንባብ ክበባችን ከአሮጌ መጽሐፍ የወጣ አንድ የሥዕል ገጽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። ሆላንዳዊው ሰዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1885 ኑነን በምትባል መንደር ሳለ የሳለው «ድንች በሊታዎቹ» ነው። በትምህርት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ሲባል አንድ ወንድማችን «ሐዘን አንሶን ነው?» ሲል ተቃወመ። ጥያቄው የዋዛ ስላልሆነ መልሴን እነሆ በዚህች ገጽ አቀርባለሁ።

በእርግጥ ሥዕሉ ጨለማ ነው። አምስት ገበሬዎች በአንዲት ፋኖስ ሥር አንድ ሳህን ድንች ከበው ተቀምጠዋል። የፊታቸው ቀለም ካልተላጠና አፈሩ ካልተራገፈ ድንች ጋር እንደሚመሳሰል ሰዓሊው ራሱ ለወንድሙ ለቴዎ ጽፎለታል። ወደ ሳህኑ የሚዘረጉት እጆች መሬቱን የቆፈሩት እነዚያው እጆች ናቸው። ወዳጁ ሰዓሊ ፋን ራፓርድ በዚያው ዓመት በጻፈለት ደብዳቤ የአካላቱ አሳሳል ተዛብቷል ብሎ ክፉኛ ነቀፈው፤ ወዳጅነታቸውም ሻከረ። ቫን ጎግ ግን ገበሬን ሽቶ ቀብቶ ማቅረብ አልፈለገም። ስለዚህ ጨለማው የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይመስለኝም፤ የአፈርና የድካም ቀለም ነው።

ለመሆኑ ሐዘኑ ወዴት አለ? በእኔ አስተያየት ከዓይኖቹ ላይ ነው። በግራ በኩል ያለችው ሴት ወደ ጎረምሳው ትመለከታለች፤ እሱ አያያትም። ሽማግሌው ሲኒውን እንደያዘ ወደ ባልቴቷ ዞሯል፤ እርሷ ዓይኗን ከምትቀዳው ቡና አታነሣም። ጀርባዋን የሰጠችን ልጅ ፊቷ ጭራሽ አይታይም። በአንድ ገበታ ቀርበው ዓይን ለዓይን የሚተያይ የለም። ጉርሻ እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ከድህነታቸው ይልቅ ያስደነግጣል።

ሆኖም ፋኖሱ ማንንም ሳይለይ ያበራል፤ ከልጅቱ ወዲያም የድንቹ እንፋሎት ይወጣል። እኛ ተመልካቾቹ ከእርሷ ኋላ ቆመን ቦታ የምንጠብቅ እንግዶች እንመስላለን።

እኛስ ብንሆን? ማታ ማታ የራሽን በቆሏችንን ከበን ስንቀመጥ የሚያንሰን እህሉ ብቻ ነውን? ከተሰለፍንበት፣ ከጠበቅነው ደብዳቤ፣ ከቀረው ዘመድ ሐሳብ ጋር እያንዳንዳችን ለየብቻችን እንበላለን። ይህን የሚያሳየን ሥዕል ሐዘን አይጨምርብንም፤ ያለውን ስም ይሰጠዋል እንጂ። ስለዚህ ይለጠፍ እላለሁ። ልጆቹም «ለምን አይተያዩም?» ብለው ሲጠይቁን ቀና ብለን እንመልስላቸው።